እኩል ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ሩመይሳ የፋርማሲውን ነጭ ጋውን አውልቃ፣ ሻርፗን በመስታወት አስተካክላ፣ ሽቶም ነካ አድርጋ፣ ሳትደውል ወደ ሙሰብ ሄደች። ሳይደውሉ መሄድ የናፍቆት ነው ይባላል። የሷ ግን ናፍቆት ብቻ አልነበረም። ሰሞኑን ሙሰብ ስልኩን ፊቱን ደፍቶ ማስቀመጥ ጀምሯል። ሲደወልለት "አንዴ" ብሎ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሲመለስም ዓይኑ ከዓይኗ ይሸሻል። በማግስቱ ደግሞ በሐጂ ተማም የሚመሩት ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ሄደው ሊጠይቁለት ቀጠሮ ተይዟል። ነገ ሽማግሌ የሚልክ ሰው ዛሬ ከማን ጋር ነው የሚንሾካሾከው?

ሙሰብ የሚሠራው እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን፣ ከሱቆች ጀርባ በተከራያት ጋራዥ ውስጥ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ለአባቷ ማስረዳት እስካሁን አልተሳካላትም። ሙሰብ የእርሻ ቤቶችን በትንሹ ይሠራል። የከብት በረት፣ ጎተራ፣ የትራክተር መጠለያ፣ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ። እርሻቸውን ሸጠው ከተማ የገቡ ነጭ ሽማግሌዎች የድሮ በረታቸውን ፎቶ ይዘው ይመጡና "ልክ እንደዚህ" ይሉታል። ልክ እንደዚያ ያደርግላቸዋል።

ጥበቡ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። የለስላሳ ጣሳ ቀዶ ይዘረጋል፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል፤ ጎን ለጎን በተጣበቁ ቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ያስተኛዋል። ከዚያ ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ ጫፍ፣ ከመሃል ጀምሮ፣ አንድ አንድ መስመር እያለ ይጫነዋል። የቸኮለ ሰው ባንዴ ሲጫነው ይቀደዳል። ሙሰብ አይቸኩልም። ከጣቱ ሥር የሚወጣው ቁራጭ ቁልጭ ያለ ያገር ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ልዩነቱ ከክብሪት ቀፎ አለመብለጡ ብቻ ነው። ዝገት የሚፈልግ ደንበኛ ከመጣም የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ውሃውን ይቀባለታል። አባቷ አብዱልሀፊዝ ይህን የሰማ ቀን "ዝገት የሚገዛ ሰው አለ? እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት በከንቱ ብርድ ልብስ ሸጥኩ!" ብሎ እንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር። ጂፒ በሚባለው የሐበሻ ነጋዴዎች ሰፈር የትልቅ ጅምላ መደብር ባለቤት ነውና ቢስቅ ማን ይከለክለዋል?

እሷ ግን የወደደችው እነዚያን ጣቶች ነው። መጀመሪያ ያየችው ጣቱ በቆርቆሮ ተቆርጦ ፕላስተር ሊገዛ ፋርማሲ ሲገባ ነበር። ከዚያ በፊት ኦሬንጅ ፋርም በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ከታላቅ ወንድሙ ከጣሃ ጋር ስፓዛ የሚሉት የመንደር ሱቅ ነበራቸው። አንድ ጠዋት ሙሰብ ሸቀጥ ሊገዛ ጂፒ ሲሄድ ዘራፊዎች ገቡ፤ ሲመለስ ወንድም አልነበረውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ አያውቅም። ይህን ሲነግራት አላለቀሰም፤ ያለቀሰችው እሷ ናት።

የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። የሙሰብ ድምፅ ከጓሮ ይሰማል።

"ራሕማ፣ አትጨነቂ አልኩሽ እኮ። በሩን አንቺ እንዳልሽው አዙሬዋለሁ። ጣሪያውም እኩል ነው፤ ወላሂ አንድ ቆርቆሮ አላጎደልኩብሽም። ... የለም፣ እሷ አታውቅም። አልነግራትም።"

የሩመይሳ እግር እዚያው ተተከለ። ራሕማ ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ አገር ቤት፣ ዳሎቻ የቀረችው የጣሃ ሚስት ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። በእነሱ ቀዬ ደግሞ ባል ሲሞት ወንድም የሟችን ሚስት የሚወርስበት ልማድ አለ፤ ልጆቹ ከአባታቸው ቤት እንዳይወጡ ነው ይባላል። ሩመይሳ ይህን ጉዳይ አንስታ አታውቅም፤ እሱም አላነሳውም። አለመነሳቱን እንደ መልስ ቆጥራው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ፎጣ የተከደነ ነገር አለ። ገለጠችው።

የነጮቹ በረት አልነበረም። ያገር ቤት ግቢ ነው፤ እንሰቱ ከአረንጓዴ ወረቀት ተቆርጦ ጓሮው ላይ ቆሟል፣ ቀይ አፈሩም እውነተኛ አፈር ነው። በግቢው ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ። የሁለቱም ጣሪያ ሙሰብ በጣቱ አንድ አንድ መስመር እያለ ያወጣቸው ቆርቆሮዎች ለብሷል። ቆጠረቻቸው። እኩል ናቸው። በሮቹ ደግሞ ጀርባ ለጀርባ ተዟዙረዋል፤ ከአንዱ ቤት የሚወጣ ሰው የሌላውን ደጃፍ አያይም።

ሌላ ሰው ቢሆን ቆንጆ ሥራ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። ሩመይሳ ግን የታናሽ ቤት ልጅ ናት። አባቷ ሁለት ሚስት ነበረው፤ እናቷ ሁለተኛዋ ናት። ዳሎቻ ላይ ለሁለቱም እኩል ቆርቆሮ አልብሶላቸዋል፤ በሚስቶች መካከል ያላስተካከለ ባል አላህ ይጠይቀዋልና። በሮቹንም አዟዙሯል፤ ጣውንት የጣውንቷን ደጅ እያየች እንዳትብሰለሰል። እናቷ ግን ቆርቆሮው እኩል መሆኑን በየዝናቡ ማግስት ወጥታ ትቆጥር ነበር። ሩመይሳ በልጅነቷ ከጎኗ ቆማ አብራ ቆጥራለች፣ እንዲህ ያለ ጣሪያ ሥር ላትገባም ያኔ ምላለች።

ፎጣውን መልሳ ከደነችው። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ጣቶቹ የዳሰሱትን ጠረጴዛ አየች፤ ከዚያ ሳትሰናበት ወጣች።

*

ሜይፌር ሰፈር፣ አባቷ ቤት ስትደርስ የአክስቷ ልጅ ሪሀና ለነገ እንግዶች ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ሪሀና ከነገሩ ግማሹን ሳትሰማ ሙሉውን ገባት። እንዲህ ዓይነት ተሰጥኦ አላት።

"ወላሂ እኔ ጠርጥሬ ነበር! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲሉ በከንቱ ነው? ስልክ የሚደፋ ወንድ!"

"ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል..."

"ሌላ ምን? ሁለት ቤት፣ እኩል ቆርቆሮ፣ የዞረ በር፣ 'እሷ አታውቅም'። ሰውየው ሁለት ባላ እየተከለ ነው እኮ ሩሚዬ። አንዱ ቢነቀል ባንዱ ሊንጠለጠል። ሲሪየስሊ፣ ፋርማሲስት ሆነሽ መርዝ አይተሽ አታውቂም?"

"ልጠይቀው?"

"ጠይቂውና ይዋሽሽ! እናቴ እህቴ ብሎ ያሳምንሻል። ዓይንሽን እያየ ይምልልሻል፣ አንቺም ታምኚዋለሽ። ዓይኑን እንደምትወጂው አላውቅም?"

ይሄ የመጨረሻው ወጋት። እውነት ነበራ። ብትጠይቀው ታምነዋለች፤ ማመኗን ነው የፈራችው። ስለዚህ እሱ ጋ መሄድ ሲገባት አባቷ ጋ ሄደች።

አብዱልሀፊዝ ከዐስር ሰላት ተነስቶ መስገጃውን እያጠፈ ነበር።

"አባዬ፣ ነገ አይምጡ።"

"እነማን?"

"ሽማግሌዎቹ። ሙሰብ ሚስት አለው። የወንድሙን ሚስት፣ ራሕማን ወርሷል። ቤት እየሠራላት ነው፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ።"

አባትየው መስገጃውን መልሶ መሬት ላይ ጣለው። "ሁለት ማግባቱ አይደለም የሚያናድደኝ፤ እኔስ ማን ሆኜ። ደብቆ ቤቴ ሊገባ ማሰቡ! ልጄን ለጣሳ ቆራጭ ልስጥ ብዬ ሆዴን አስፍቼ!" ወዲያው ስልኩን አነሳ። ሐጂ ተማምን አገኘ፤ ነገሩን ከነስሙ ነገረው፤ ከዚያ ለመደብሩ ሸሪክ፣ ከዚያ ዳሎቻ ላለው ወንድሙ። ስልኩ እስኪሞቅ ድረስ አወራ።

ሩመይሳ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ሙሰብ ደጋግሞ ደወለ። ስሙ ስክሪኑ ላይ እየበራ ሲጠፋ እያየች አላነሳችም። ልክ ነኝ ብላለች፤ ግን ልክ የሆነ ሰው እንዲህ አይቀዘቅዝም ነበር።

*

ረቡዕ ዕለት ፋርማሲው ፈቃድ ሰጥቷት ጂፒ፣ አባቷ መደብር ፎቅ ላይ፣ ብርድ ልብስ በተደራረበበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ እየቆጠረች ነበር። መቁጠር ሐሳብ ያስረሳል ብላ ነው። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ሙሰብ ካርቶን በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። ጢሙ አድጓል። ከኋላው አባቷ እየተንደረደረ ተከተለው።

"አንተ ልጅ! በየትኛው ዓይንህ ነው ቤቴን የምትረግጠው?"

"አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ። ካዳመጡኝ በኋላ ያባሩኝ።"

ሩመይሳን አላያትም። ካርቶኑን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፎ ከፈተው። ያ ግቢ ነው። አሁን ግን በሁለቱ ቤቶች መካከል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ጥቅጥቅ ያለ የስንጥር አጥር ቆሟል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መግቢያ አለው፣ ሁለቱም ወደ መንገድ የሚከፈቱ።

"እሷ ያየችው አጥሩ ሳይቆም ነው" አለ ሙሰብ። "መምጣቷን ያወቅኩት ፎጣው በሌላ ጎኑ ተከድኖ፣ ሽቶዋም ላዩ ላይ ቀርቶ ስላገኘሁት ነው። ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። አንድ አባት ሞቶ ሁለት ወንድ ልጅ ቢተው ግቢውን እንዴት ነው የሚካፈሉት?"

"እኩል ነዋ!"

"እኩል ነው የከፈልኩት። ይሄ የጣሃ ድርሻ ነው፤ ለልጆቹ የሚተርፍ። ይሄኛው የኔ ነው። ለራሴ ያለበስኩትን ለሟች ወንድሜ ልጆች ላጎድል?"

አብዱልሀፊዝ ዓይኑን ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው አመላለሰ። የሁለት ወንድማማች እኩልነትና የሁለት ጣውንት እኩልነት ከላይ ሲያዩት አንድ መሆኑን፣ በዚያ ሁሉ ዕድሜው አስቦት አያውቅም።

"ታዲያ ራሕማ?" አለች ሩመይሳ። ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

አሁን አያት። ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር፤ ያየችው ድካም ነው።

"ራሕማ አልወረስም አለች። 'ባሌን ቀብሬያለሁ፣ በወንድሙ አልተካም' አለች። እኔም አልፈለግኩም። ግን ካልተወረሰች ልጆቹን ትታ ከግቢው ትውጣ የሚሉ አሉ። በሷ በር፣ በሷ አጥር፣ በልጆቿ መሬት እንደምትኖር ለማሳየት ነው ይሄን የሠራሁት። ወረቀት ላይ ብስለው ማን ያነብልኛል? ይሄን ግን ሽማግሌዎቹ መሃላቸው ካስቀመጡት ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። ሰው ሲሄድ ልልከው ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ራሕማ አስምላኝ ነበር። እምቢታዋን የዳሎቻ ሽማግሌዎች ፊት በራሷ አፍ እስክትናገር ድረስ ወሬው ቀድሞ ከደረሰ ያስፈራሯታል። አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ? ጋሼን አላህ ያቆይልኝ፣ እሳቸው ጆሮ የገባ ነገር ዳሎቻ ለመድረስ ምሳ ሰዓት አይጠብቅም።"

አብዱልሀፊዝ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

"ይቅርታ" ልትል ከንፈሯን ስታላቅቅ ሙሰብ እጁን አነሳ። "ቆይ። ገና ነው።" ስልኩን አውጥቶ የድምፅ መልእክት ከፈተ። የሴት ድምፅ ነው፣ ለቅሶ የታፈነበት።

"ሙሰብ፣ ምን በደልኩህ? ሽማግሌዎቹ በሬ ላይ ተሰብስበዋል። ሙሰብ ደቡብ አፍሪካ ላይ ሚስቴ ናት ብሏል፣ የአብዱልሀፊዝ ቤት እንኳ መስክሯል እያሉ ነው። አጎትህ ወኪል ነኝ ብሎ ኒካሑን ዛሬ ሊያስር ነው። እምቢ ብል ተስማምታችሁ አብራችሁ ደበቃችሁን ይሉኛል። ማን ያምነኛል?"

ከታች መንገዱ ላይ የታክሲ ጥሩምባና የሻጮች ጩኸት ይሰማል።

"ደውዬ ካድኩ" አለ ሙሰብ። "አጎቴ ምን አለኝ መሰለሽ? 'የደበቀ ሰው መካዱ አይቀርም' አለኝ። የኔ አፍ አይሠራም። የሷም አይሠራም። ያንቺ ቃል በልጦብናል።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሩመይሳ ይህን ስትሰማ አንድ ጥቅል ብርድ ልብስ ላይ ተቀመጠች። የእናቷን ዕድል ልትሸሽ ሮጣ ሌላ ሴት ላይ ጫነችው። በገዛ አፏ ጫነችው። ከዚያ ተነሳች።

"አባዬ፣ ዳሎቻ ደውልልኝ።"

"እኔ አስተካክለዋለሁ። ተሳስቼ ነበር እላለሁ።"

"አንተ የሰማኸውን ነው ያወራኸው። አየሁ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የምመልሰው።"

"ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት ሴት ልጅ ዋሸሁ ካለች ዳግመኛ ማን ያምናታል? በቅናት ነው ይሏታል። የታናሽ ቤት ልጅ፣ ጣውንት ፈርታ ነው ይሏታል። እናትሽም እዚያ ናት፤ በስምሽ ይዘባበቱባታል።"

"እውነታቸውን ነው። ፈርቼ ነው። ደውል አባዬ።"

አብዱልሀፊዝ ወንድሙ ጋ ደወለ፣ ስልኩንም ለሽማግሌዎቹ እንዲያቀብል ነገረው፣ ድምፁን ከፍቶ ለሩመይሳ ሰጣት። ከወዲያ የብዙ ሰው ጉምጉምታ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ከዚያ አንድ ሻካራ ድምፅ መጣ። "ማን ናት?"

"ሩመይሳ ነኝ። የአብዱልሀፊዝ ልጅ፣ የታናሽ ቤቱ።" ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። "አባቶቼ፣ ሙሰብ ራሕማን አግብቷል የተባለው ከኔ አፍ የወጣ ነው። ሐሰት ነው። ሁለት ቤት አይቼ ነው፤ እኩል ቆርቆሮ ለብሰው፣ በራቸው ዞሮ። እኔ ያደግኩት እንደዚያ ባለ ግቢ ውስጥ ነው፣ ሌላ ትርጉም አላውቅለትም። ሳልጠይቅ ተናገርኩ። ቤቱ የጣሃ ልጆች ድርሻ ነው። እባካችሁ፣ በኔ ቃል ሴት አትዳሩ።"

ጉምጉምታው ተነሳ። አንዱ "ቅናት ነው!" አለ። ሻካራው ድምፅ ጸጥ አሰኛቸው።

"ልጅ፣ እሺ ብለን እንቀበልሽ። አንደኛው ቤት ለጣሃ ልጆች ይሁን። ሁለተኛውስ? ወንደላጤ ነው ያን ያህል ቆርቆሮ የሚያለብሰው? ራሕማን ካልወረሰ ቤቱ ለማን ነው?"

ሩመይሳ ቀና አለች። አባቷ አለ። ሙሰብ አለ። እሱ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ያያል።

"ለእኔ ነው" አለች።

"ተጠይቀሻል?"

"አልተጠየቅኩም። የሚጠይቁትን ሰዎች ከመንገድ ያስመለስኳቸው እኔ ነኝ። አሁን እሱ ይፈልገኝ እንደሆን አላውቅም። እኔ ግን... ለእኔ ነው።"

አብዱልሀፊዝ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ቃል ሳይታሰር፣ የእሱ ልጅ በአገር ሰው ፊት ራሷን ዳረች! ከዚያ ሻካራው ድምፅ ዝግ ብሎ፣ "ሙሰብ እዚያ ካለ ይናገር" አለ።

ሙሰብ አልተናገረም። ሩመይሳ እሱ ዝም ያለበትን ያን ጊዜ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ጠርጥሮ መጠበቅን ታውቀዋለች፤ ተጠርጣሪ ሆኖ ፍርድ መጠበቅን ግን አታውቀውም ነበር። እሱ ይህን ከቅዳሜ ጀምሮ ብቻውን ሲሸከም ሰንብቷል።

"አለሁ" አለ በመጨረሻ። "ያለችው እውነት ነው።"

"እንግዲያስ ራሕማን ጥሯት። ከራሷ አፍ እንስማ።"

ጥቂት ቆየ። የልጅ ድምፅ፣ የነጠላ ጫማ ኮቴ። ከዚያ ያቺ ያለቀሰች ሴት፣ አሁን ሳታለቅስ፣ "አልወረስም። በልጆቼ ቤት እኖራለሁ" ስትል ተሰማ። ሽማግሌው "በቃ፣ ተነሱ፤ ዛሬ ኒካሕ የለም" አለ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

አብዱልሀፊዝ ካርቶኑ ላይ አጎንብሶ ትንሿን ጣሪያ በጣቱ ጫፍ ዳበሰ። የሆነ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ ሳል መጣለት። "ደንበኛ አለኝ" ብሎ ደረጃውን እየተደገፈ ወረደ። ደንበኛ አልነበረውም።

ሁለቱ ቀሩ። ሩመይሳ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ይመለስባታል። ሙሰብ ከመስኮቱ አልተነቃነቀም።

"ሙሰብ፣ ልጠይቅህ። ዛሬ እንኳ ልጠይቅህ።"

"ጠይቂ።"

"አዝነህብኛል?"

"በጣም።"

"ግን ትፈልገኛለህ?"

"ባልፈልግሽ ኖሮ ያን ዝም ብዬ እሰማው ነበር? ሰው ፊት አዋርደሽኝ፣ ሰው ፊት አነሳሽኝ። ከንጋት ጀምሮ ልጠላሽ ብሞክር አቃተኝ።"

"ኩርፊያህ መቼ ይወጣልሃል?"

ሙሰብ አሰበ። በዚያ የተቆራረጠ ጣቱ ግንባሩን አሸት አደረገ።

"እንጃ" አለ።

ሊያባብላት ይችል ነበር። "አሁኑኑ ወጥቶልኛል" ቢላት ደስ ብሏት፣ ማታ ብቻዋን ስትሆን ደግሞ አንስታ ትመረምረው ነበር። "እንጃ"ን ግን የምትመረምርበት ነገር አላገኘችም። ዓይኑን አየች፤ አልሸሸም። እየፈራች፣ እያለቀሰች፣ ሙሉ በሙሉ አመነችው።